በሰዓት የሚጠብቅ ስክሪፕት ምንም አይጠብቅም

አንድ ጀማሪ «ስክሪፕቴ የጠራው ፕሮግራም ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፍብኛል» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ስሊፕ አስገባበት»፤ ስክሪፕቱን ለተወሰነ ሰከንድ የሚያቆመውን ትእዛዝ ማለት ነው። መጀመሪያ 5 ሰከንድ ይሞከራል። አልበቃ ሲል 10 ይደረጋል። አሥሩም አንድ ቀን ሲከሽፍ 30 ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መስመሩን የሚነካው የለም፤ «ሠርቷላ!» ምክሩ ከጀማሪ ወደ ጀማሪ ብቻ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባላስነሳ ነበር። ግን የዓመታት ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች እጅ በተጻፉ፣ ባክአፕ በሚይዙ፣ ሪፖርት በሚያወጡ፣ በመቶ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር በሚጭኑ ስክሪፕቶች ውስጥ ሳይቀር ተሰንቅሮ ይገኛል። ሥሩ ያለው አንድ እምነት ውስጥ ነው፦ መጠበቅ የጊዜ ጉዳይ ነው፣ በቂ ጊዜ የተሰጠው ሥራ ያልቃል። እኔ የምለው ይህ እምነት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። መጠበቅ ማለት ውጤት መቀበል ነው። ውጤቱን ያልጠየቀ ስክሪፕት 30 ሰከንድ ቢቆም፣ 30 ደቂቃም ቢቆም፣ ምንም አልጠበቀም።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ በሙሉ ጉልበቱ መቅረብ አለበት። ስሊፕ አንድ መስመር ነው፤ ኮድ የማያውቅ ሰው እንኳ አንብቦ ይረዳዋል። አብዛኛው ስክሪፕት አንድ ሰው ለራሱ የሚጽፈው፣ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ የሚረሳ ነገር ነው፤ እንደ ባንክ ሲስተም አድርጎ መገንባት ከንቱ ድካም ነው። ደግሞስ ብዙ ፕሮግራሞች መጨረሻቸውን የማሳወቅ ግዴታ የት አለባቸው? ተነስተው ከጠራቸው ስክሪፕት ራሳቸውን ነጥለው ከበስተጀርባ የሚገቡ አሉ፤ እነሱን «ጠብቅ» ማለት ትርጉም የለውም። በትክክል መጠበቅም የራሱ አደጋ አለው፤ የተጠራው ፕሮግራም ከተሰናከለ ስክሪፕቱ ሌሊቱን ሙሉ ደርቆ ያድራል፤ ስሊፕ ግን ምንም ይሁን ምን ያበቃል። በመጨረሻም፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 30 ሰከንድ ለማን ይቆጠራል? ይህን ሁሉ የሚሉት ሰነፎች አይደሉም። አንዳንዱ ነጥባቸው እውነት አለው፤ ድምዳሜያቸው ግን ከነጥባቸው አይወጣም።

ከቁጥሩ እንጀምር። 10 ሰከንድ የምን ልክ ነው? ጸሐፊው ስክሪፕቱን በጻፈበት ቀን፣ በዚያ ኮምፒውተር፣ በዚያ የዳታ መጠን፣ ሥራው የፈጀው ጊዜ ላይ ትንሽ ተጨምሮበት የተገኘ ግምት ነው። ዳታው ያድጋል። ዲስኩ ይሞላል። አንቲቫይረሱ በዚያው ሰዓት ፍተሻ ይጀምራል። በቅርንጫፍና በዋናው መሥሪያ ቤት መካከል ያለው መስመር ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት ፍጥነት የለውም። ግምቱ ግን እዚያው እንደተጻፈ ይኖራል። አሳዛኙ ነገር የሚከሽፍበትን ቀን መምረጡ ነው፤ ሥራ በሌለበት እሑድ ሳይሆን የወር መጨረሻ ሆኖ ሁሉም ሪፖርት በሚያወጣበት፣ ሰርቨሩ በተጨናነቀበት ቀን ይከሽፋል። ቁጥሩን ማሳደግስ? ያኔ ኪሳራው ወደ ሌላ ጎን ይዞራል። «30 ሰከንድ ለማን ይቆጠራል» የሚለው ሰው 400 ፋይል በሚያልፍበት ዙር ውስጥ ያችን መስመር ሲያስገባ 12,000 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እያንዳንዱ ፋይል በ2 ሰከንድ የሚያልቅ ቢሆን እንኳ። ግምቱ ካነሰ ሥራው ይበላሻል፣ ከበዛ ጊዜው ይባክናል፤ ልክ ሆኖ የሚገኝበት ቀን ካለ በአጋጣሚ ነው።

የሚበላሸው ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን እንይ። የተለመደው የሌሊት ባክአፕ አራት እርምጃ አለው፦ ዳታቤዙን ወደ ፋይል ማውጣት፣ ፋይሉን መጭመቅ፣ ወደ ሌላ ማሽን መላክ፣ የቆየውን ባክአፕ መሰረዝ። የመጀመሪያው እርምጃ ከበስተጀርባ ተነስቶ ከሥሩ የ60 ሰከንድ ስሊፕ ተጽፏል እንበል። ዳታቤዙ ትንሽ በነበረ ጊዜ ያችው ደቂቃ ከበቂ በላይ ነበረች። አንድ ሌሊት ግን ሥራው 61 ሰከንድ ይፈጃል። መጭመቂያው ያልተጠናቀቀውን ፋይል ያነሳዋል፤ በእሱ ዘንድ ፋይል ፋይል ነው፣ ያለውን ጨምቆ «በሰላም ጨርሻለሁ» ይላል። ላኪውም ይልካል። ሰራዡም ሙሉ የነበረውን የቆየ ባክአፕ ይሰርዛል። በሎጉ ላይ አንድም የስህተት መስመር የለም። ከአራቱ ፕሮግራሞች ያጠፋ የለም፤ ሁሉም የታዘዘውን አድርጓል። ያጠፋው በመካከላቸው የተቀመጠው ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ሎግ አይጽፍም።

ይበልጥ የሚገርመው፣ የመጠበቂያው መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቤል ላብስ ውስጥ በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ላይ ፎርክ፣ ኤግዜክ እና ዌይት የሚባሉት የሲስተም ጥሪዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ልጅ ፕሮሰስ የሚወለድበትን መንገድ ሲሠሩ ወላጁ መጨረሻውን የሚሰማበትን መንገድም አብረው ሠሩ። ዛሬም ሊኑክስ ላይ ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ከርነሉ መዝገቡን ወዲያው አይፍቀውም፤ ወላጁ መጥቶ እስኪጠይቅ «ዞምቢ» አድርጎ ያቆየዋል። ለምን? ለአንዲት ቁጥር ሲባል ነው። ቁጥሯ 0 ከሆነች ሥራው ተሳክቷል፤ ሼሉ 127 ከሰጠ የተጠራው ፕሮግራም ጭራሽ አልተገኘም፤ 137 ከሆነ በሲግናል 9 ተገድሏል፣ ሚሞሪ አልቆ ከርነሉ ራሱ ሲገድለው የሚታየውም ይኸው ነው፤ 143 ከሆነ ደግሞ በሲግናል 15 «አቁም» ተብሎ ነው ያቆመው። ስሊፕ የጻፈ ሰው ይህን ሁሉ መልስ በሩ ላይ አቁሞ ሰዓቱን ያያል። ልጅ ልኮ የሄደበትን ነገር ሳይጠይቅ፣ «10 ደቂቃ አልፏል፣ ደርሶ ይሆናል» ብሎ ገንዘቡን እንደሚከፍል ሰው ነው።

እዚህ ላይ የቀላልነቱ ክርክር ራሱ ይገለበጣል። በሊኑክስ ሼል መጠበቅ ነባሪው ጠባይ ነው፤ ትእዛዙን ብቻ ከጻፍክ ሼሉ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ቀጣዩ መስመር ንቅንቅ አይልም። እንዳይጠብቅ የሚያደርገው በመስመሩ ጫፍ ላይ የምትጨመረው የአምፐርሳንድ ምልክት ናት። ታዲያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ስክሪፕቶች ላይ የምናየው ምንድን ነው? ምልክቷን ጨምሮ መጠበቅን ማስወገድ፣ ከሥሯ ስሊፕ ጨምሮ የተወገደውን መጠበቅ በግምት ለመተካት መሞከር። ሁለቱንም ማጥፋት ነው መድኃኒቱ። ትክክለኛው ስክሪፕት ከስህተተኛው አንድ መስመር ያጥራል። ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈለገው ሰው ደግሞ ሁሉንም ከበስተጀርባ አስነስቶ መጨረሻ ላይ ዌይት የሚለውን የሼሉን ትእዛዝ ይጽፋል። ይህ ከስሊፕ የሚከብደው በምኑ ነው?

«ዊንዶውስ ላይ ግን እንዲህ አይደለም» የሚል አለ፤ ግማሽ እውነት ነው። መስኮት ያለው ፕሮግራም ከትእዛዝ መስመሩ ወይም ከፓወርሼል ሲጠራ ጠሪው ሳይጠብቀው ያልፋል። በቪቢስክሪፕት የሚታወቀው ራን የተባለ ዘዴም ካልነገሩት አይጠብቅም። ነገር ግን ሊነግሩት የሚችሉበት ቦታ አለ፦ ሦስተኛው መለኪያ «እውነት» ከተባለ ይጠብቃል፣ የመውጫ ቁጥሩንም ይመልሳል። ስታርት የተባለው ትእዛዝ የመጠበቂያ ማብሪያ አለው፤ የፓወርሼሉ ስታርት-ፕሮሰስም አለው። ሰው ግን ሦስተኛውን መለኪያ ከማንበብ ይልቅ ምን ሲያደርግ ኖረ? የራሱን ኮምፒውተር 6 ጊዜ ፒንግ ማድረግ! የመጀመሪያው ፒንግ ወዲያው ስለሚሄድ፣ ቀሪዎቹ በየሰከንዱ ስለሚከተሉ 5 ሰከንድ ያህል ይገኛል። ኔትወርክ መፈተሻውን ሰዓት ለማድረግ የተደረገው ብልሃት ያስደንቃል፤ ብልሃቱ የዋለበት ጉዳይ ግን ያሳዝናል። የዊንዶውስ ጫኝ ፕሮግራም ኤምኤስአይኤግዜክ ሲጨርስ 3010 ብሎ ከመለሰ «ተጭኗል፣ ግን ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት አለበት» ማለቱ ነው፤ 1618 ካለ «ሌላ ጭነት እየተካሄደ ስለሆነ አልጀመርኩም» ማለቱ ነው። በመቶ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር የሚጭን ስክሪፕት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳያውቅ 2 ደቂቃ ተኝቶ ቢነሳ ምን ፈየደ?

ጠንካራው ተቃውሞ ራሳቸውን ስለሚነጥሉ ፕሮግራሞች የሚቀርበው ነው። ዳታቤዝ ሰርቨር ሲነሳ እንዲጨርስ አንፈልግም፤ ዝግጁ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። እዚህ የመውጫ ቁጥር አይረዳም፣ እውነት ነው። ግን ከዚህ የሚከተለው «እንግዲያው እንገምት» ነው ወይስ «እንግዲያው ዝግጁ መሆኑን እንጠይቅ»? ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 9.3 ስሪቱ ላይ ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል ፕሮግራም ጨምሯል፤ ፒጂ-ኢዝሬዲ ይባላል፣ ሰርቨሩ ግንኙነት መቀበል ጀምሮ እንደሆነ ጠይቆ በቁጥር ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 10ኛው ስሪት ጀምሮ ደግሞ ማስነሻው ፒጂ-ሲቲኤል ራሱ ሥራው እስኪጠናቀቅ መጠበቅን ነባሪ አደረገው፤ ከዚያ በፊት ሲያስነሳ «ጠብቅ» ካልተባለ አይጠብቅም ነበር። ገንቢዎቹ ፍርዳቸውን በነባሪው ሰጥተዋል። ኮንቴይነሮችን አብሮ የሚያስነሳው ዶከር ኮምፖዝም ላይ ያው ነው፦ «በዚህ ላይ ይመረኮዛል» የሚለው አጭሩ አጻጻፍ ኮንቴይነሩ መነሳቱን እንጂ በውስጡ ያለው ዳታቤዝ መዘጋጀቱን አይጠብቅም፤ የጤና ምርመራ ጽፎ «ጤናማ እስኪሆን» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ማኖር ይቻላል። መብራት በድንገት ጠፍቶ የሚመጣበት አገር ላለን ሰዎች ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይመለከተናል። ሳይዘጋ የጠፋ ፖስትግሬስኪውኤል ሲነሳ፣ ግንኙነት ከመቀበሉ በፊት ወደ ዳታ ፋይሎቹ ያልደረሱ ለውጦችን ከመዝገቡ እያነበበ ይጠግናል፤ የሚፈጀው ጊዜ እንደ ሥራው ብዛት ነው። በሰላሙ ቀን የተለካው 15 ሰከንድ የሚከዳው እንግዲህ መብራት በመጣበት፣ ሁሉም ሲስተሙን በሚጠባበቅበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ጠያቂ መሣሪያ የሌለው ፕሮግራም ቢገጥምስ? በየሰከንዱ ምልክቱን የሚፈትሽ፣ ገደብ ያለው አጭር ዙር ይጻፋል። ስሊፕ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ በሁለት ጥያቄዎች መካከል ፕሮሰሰሩን የሚያሳርፍ እረፍት ሆኖ። ሌላው ሰርቨር «በደቂቃ ከዚህ በላይ ጥያቄ አትላክ» ብሎ ከሆነም የሚጠበቀው ነገር ራሱ ጊዜው ስለሆነ ስሊፕ ተገቢ ነው። ጥያቄውን ሊተካ ሲመጣ ብቻ ነው የምቃወመው። ምልክቱም በጥንቃቄ ይመረጥ፤ ፋይሉ መኖሩን ማየት ብቻውን አይበቃም፣ ገና እየተጻፈ ያለ ፋይልም አለና። ጸሐፊው ፕሮግራም በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲጨርስ በዚያው የፋይል ሲስተም ውስጥ ስሙን ቢቀይር፣ የመጨረሻው ስም የሚታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ይሆናል።

«በትክክል የሚጠብቅ ስክሪፕት ደርቆ ሊቀር ይችላል» ለሚለው መልሱ ገደብ ነው። ሊኑክስ ላይ ታይምአውት የተባለ ፕሮግራም አለ፤ ሌላውን ፕሮግራም በጊዜ ገደብ ያስኬዳል፣ ገደቡ ካለፈ ያቆመውና 124 ይመልሳል። ታዲያ ይህም ሰዓት አይደለም ወይ? ነው፤ ግን ተግባሩ የስሊፕ ተቃራኒ ነው። ስሊፕ ሰዓቱ ሲሞላ «አልቋል» ብሎ ያሳልፋል፤ ታይምአውት ሰዓቱ ሲሞላ «አላለቀም» ብሎ ያስቆማል። ሥራው ቀደም ብሎ ካለቀም ያኔውኑ ይለቃል። ደግሞም ደርቆ የቆመ ስክሪፕት ጠዋት ይታያል፤ በግማሽ ፋይል ላይ ተንደርድሮ ያለፈው የሚታየው ባክአፑ የተፈለገ ዕለት ነው። መድረቁም ቢሆን ምክንያት አለው። የተጠራው ፕሮግራም «አዎ ወይስ አይ?» ብሎ በሌለ ኪቦርድ ላይ መልስ እየጠበቀ ይሆናል። ወይም የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ፓይፕ ሞልቷል፦ ሊኑክስ ላይ አንድ ፓይፕ በተለምዶ 65,536 ባይት ይይዛል፤ የፓይተን ስክሪፕት የልጁን ውጤት ሳያነብ ዌይት ብሎ ከቆመ፣ ልጁ ደግሞ ፓይፑ ሞልቶበት መጻፍ ካቃተው፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይኖራሉ። የፓይተን መመሪያ ይህን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ እያነበበ የሚጠብቀውን ኮሚዩኒኬት የተባለ ዘዴ ተጠቀሙ ይላል። ይህ መጠገን ያለበት ስህተት ነው። ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ትቶት መሄድ ጥገና አይባልም።

በዚህ ክርክር ከእኔ ጋር የሚስማሙትንም አልምርም፤ ብዙዎቹ መጠበቅን ተምረው ውጤት መጠየቅን ረስተዋል። የዳታቤዙ ግልባጭ በፓይፕ ወደ መጭመቂያው ሲላክ ሼሉ በነባሪው የሚመልሰው የመጨረሻውን ፕሮግራም ቁጥር ነው። ግልባጩ የይለፍ ቃል ተሳስቶ ገና ሲጀምር ቢወድቅ፣ መጭመቂያው ጂዚፕ ባዶውን ጨምቆ 20 ባይት የምታክል ፍጹም ትክክለኛ ፋይል ይሠራና 0 ይመልሳል። ባሽ ላይ ፓይፕፌል የሚባለውን ማብሪያ ያልከፈተ ሰው ይህን አያውቅም። ዌይትም ቢሆን ያለ ፕሮሰስ ቁጥር ብቻውን ከተጻፈ ልጆቹ ሁሉ ወድቀው እንኳ 0 ነው የሚመልሰው፤ የእያንዳንዱን ቁጥር ይዞ አንድ በአንድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውጤት ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚሆን የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎቱ ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በአደባባይ አሳይቷል። ዋናው ዳታቤዝ በስህተት ሲሰረዝ ዕለታዊው ግልባጭ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ የ9.6 ስሪት ሆኖ ሳለ ግልባጩን የሚያወጣው ፕሮግራም የ9.2 ስለነበር ስህተት አውጥቶ ይቆም ነበር፤ ስህተቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ እየተደረገ ለማንም አልደረሰም። ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ ከዚያም በከፋ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሊፕ የለም፤ እሱን ልወነጅል አላመጣሁትም። ሥራው ተጠርቶ ነበር፣ ጊዜው ደርሶ አብቅቶም ነበር፤ «ምን ሆነ?» ለሚለው መልስ ግን ተቀባይ አልነበረም።

የቀረው «ስክሪፕቱ ትንሽ ነው» የሚለው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በስክሪፕት ላይ ግን ሲፈታ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። ለአንድ ቀን የተጻፈው፣ ሥራዎችን በየሰዓታቸው የሚያስነሳው ክሮን ውስጥ ይገባል፣ ጸሐፊው ሥራ ይቀይራል፣ ተተኪው «ይህ 45 ሰከንድ ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያጣል፤ ቢቀንሰው ይፈራል፣ ቢተወው አያምነውም። በየ5 ደቂቃው እንዲነሳ የታዘዘ ስክሪፕት በስሊፕ ላይ ስሊፕ እየተጨመረበት 6 ደቂቃ ሲሞላው ደግሞ ክሮን የቀድሞው አለማለቁን ሳያይ ሁለተኛውን ያስነሳል፤ ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ ይጽፋሉ። እዚህ ደርሶ ሁለተኛው እንዳይነሳ የሚቆልፈውን ፍሎክን የሚፈልግ ሰው ትክክል ነው፤ የመጣበትን መንገድ ግን ዞሮ ይመልከት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሚያስተዳድሩትን ስክሪፕት ይክፈቱና ስሊፕ የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ባገኙበት ቦታ ሁሉ ከጎኑ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ በአስተያየት መስመር ይጻፉ፦ የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛው ምልክት፣ ካልመጣስ ምን ይደረጋል። መልስ ያገኙለትን በዚያው መልስ ይተኩት። መልስ ያጡለትን መስመር ከመንካትዎ በፊት ግን የመጨረሻውን ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ ጭነው ይክፈቱት።